ጠፍጣፋዋን ጀልባ የሠራሁት እኔ ነኝ

ዲላ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ የነበረችውን የብየዳ ቤቴን የማያውቅ የቡና ሰው አልነበረም። በርና መስኮት እንሠራለን፤ ዋናው እንጀራችን ግን የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ነበሩ። ኢዲዶ ጣቢያ የቡና መፈልፈያው ተሰበረ ሲባል የሚጠሩት እኛን ነው። ሬኮ የውሃ ቦይ መዝጊያው ዛገ ሲባል እኛን ነው። ወርቃ ድረስ ጄኔሬተር ጭነን፣ በጭቃ እየተንሸራተትን ወጥተን፣ በይደን እንመለሳለን። «እኛ» የምለው እኔንና ታሪኩን ነው።

ታሪኩ የወናጎ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ላሜራ ሲቆርጥ ሜትር አያወጣም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያትና ይቆርጣታል፣ ልክ ትሆናለች። ደንበኞች ቤቴ መጥተው ገና ሰላም ሳይሉኝ «ታሪኩ አለ?» ይላሉ። ቤቱ የእኔ፣ ማሽኑ የእኔ፣ በሩ ላይ የተጻፈው «ዘሪሁን» የሚለው ስም የእኔ። የሚፈልጉት ግን እሱን ነው። ይህ ነገር ውስጤን እንደሚበላኝ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ጭምር።

መበቀያዬ አማርኛው ነበር። ታሪኩ አማርኛ የተማረው ካደገ በኋላ ነው። ሲረጋጋ ደህና ይናገራል፤ ሲናደድ ግን ወንዱንና ሴቱን ይደባልቃል። እኔ ዲላ ተወልጄ፣ ዲላ አርጅቼ፣ እስከ ዛሬ ጌዴኦኛ በቅጡ አልናገርም። እሱ ሁለት ቋንቋ ያውቃል፣ እኔ አንድ። የምስቀው ግን እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሰው ፊት።

አንድ ቀን ሐጂ ነስሩ ወደ ቤቴ መጡ። ሐጂ ከስልጤ መጥተው ዲላ የከተሙ፣ የሱቅና የአይሱዙ ባለቤት፣ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። አባያ ሐይቅ ላይ ከዳርቻው ወደ ደሴቱ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ፣ ሲመለስ ዓሣ የሚጭን የሞተር ጀልባ ፈለጉ። ሞተሩን አግኝተውታል። አካሉን እኛ እንድንሠራ ነው።

«ጀልባ ሠርተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ላሜራ ላሜራ ነው ሐጂ። ውሃ የሚይዝ ታንከር የሠራ ሰው ውሃ የማያስገባ ጀልባ ያቅተዋል?» አልኩ።

ሳቁና ተስማማን።

ሆዷን ጠፍጣፋ አድርጌ ነደፍኳት፤ ልክ እንደ ትልቅ የብረት ሳፋ፣ አፍንጫዋ ብቻ ወደ ላይ የተቀለበሰ። ምክንያት አልነበረኝም አይባልም። ጠፍጣፋ ሆድ ብዙ ይጭናል። ጥልቀት በሌለው ጭቃማ ዳርቻ ድረስ ይጠጋል። ሰው ሲሳፈር አይወዛወዝም። በትንሽ ሞተር ቶሎ ከውሃው ላይ ብድግ ብሎ ይሮጣል። መታጠፍ የሌለበት ላሜራም ለመበየድ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ ያኔም እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው።

ታሪኩ ንድፉን አየ። በሚቀጥለው እሁድ ለብቻው ወደ አባያ ወረደ። ከዚያም በኋላ ሁለት እሁድ ወረደ። ዓሣ አስጋሪዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጀልባ ሲወጣና ሲገባ ሲያይ ይውላል። በሦስተኛው ሰኞ ሐጂ ሥራውን ሊያዩ መጥተው ቆመው ሳለ፣ በእርሳስ ግድግዳው ላይ መሳል ጀመረ።

«ጋሼ፣ ከፊት ጀምሮ እስከ መሀል ድረስ ሆዷን እንጠፍ። እንደ መጥረቢያ ስለት። ከመሀል ወደ ኋላ ግን ቀስ እያለ ይስፋ፣ ይተኛ። ጭነቱንም አናጣም።»

«ለምን?» አልኩት፣ መልሱን ሳልፈልግ።

«ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ማዕበል ሲመጣ ጠፍጣፋው ይመታል። ስትሮጥ ውሃ ድንጋይ ናት ጋሼ። ድንጋይ ላይ ትወድቃለህ።»

«‹ናት› ነው ወይስ ‹ነው›?» አልኩት። «መጀመሪያ ውሃ ወንድ ይሁን ሴት እወቅ፣ ከዚያ ስለ ጀልባ ታስተምረኛለህ።»

ሐጂ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ታሪኩ ፊቱ ጠቆረ፣ እርሳሱን ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ግን አልተወውም። በዚያው ሳምንት ኢዲዶ መፈልፈያ ልንጠግን ሄደን፣ ነዳጅ እስኪመጣ ሥራ ፈትተን ተቀመጥን። ታሪኩ ከቁርጥራጭ ላሜራ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች አጠፈ። አንዷ እንደ እኔ ንድፍ ጠፍጣፋ፤ አንዷ እንደ እሱ ከፊት የሾለች። ሁለቱንም ቀይ እሸት ቡና እስከ አፋቸው ሞላቸውና በቡናው መዘፍዘፊያ ገንዳ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ሠራተኛ ውሃውን በሰፌድ እያማታ ማዕበል እንዲሠራ አደረገና በገመድ ጎተታቸው። ጠፍጣፋዋ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለች ስትዘል ቡናው እየፈነጠረ ገንዳው ውስጥ ረገፈ። የሾለችው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ተንገዳገደች እንጂ ቡናዋን ይዛ ደረሰች።

«ትወዛወዛለች፤ አልዋሽህም። ግን አትመታም» አለኝ።

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ለእሱ ነበር ያጨበጨቡት። ትንሿን የሾለች ጀልባ ከውሃው አወጣሁና መሬት ላይ አስቀምጬ በጫማዬ ረገጥኳት። ሆዷ ጠፍጣፋ ሆነ።

«ይኸው አሁን ተስተካከለች» አልኩ።

አንድም ሰው አልሳቀም።

ጀልባዋ በእኔ ንድፍ አለቀች። መፈተኛው ቀን በሐጂ አይሱዙ ጭነን፣ ኮረኮንቹን ወደ አባያ ወረድን። አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ሐጂ፣ ታሪኩና ሚስቱ ብርቱካን። ብርቱካንን ያመጣት ታሪኩ ነው። ንድፉ የእሱ ባይሆንም ብየዳው የእሱ ነበርና፣ የእጁን ሥራ ሊያሳያት ፈልጎ ነው።

ጠዋት ውሃው ተኝቶ ነበር። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፣ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል፤ የዚያን ዕለት እንደ ተለሰነ ወለል ረግቶ ጠበቀን። ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ስሰጣት ጀልባዋ ብድግ አለችና አዲስ አስፋልት ላይ እንደሚሮጥ መኪና ተፈተለከች። ሐጂ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው «ማሻአላህ! ዘሪሁን፣ እጅህ ይባረክ!» አሉ።

ወደ ታሪኩ ዞሬ «ድንጋይህ የት ሄደች?» ብዬ ጮህኩ።

ፈገግ አለ። «ጠዋት ነው ጋሼ። ውሃዋ ተኝታለች።»

ደሴቱ ላይ ዓሣ ተጠብሶልን በላን። ሐጂ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ስለ ጭነት ሲነጋገሩ ቀትር አለፈ። ልንነሳ ስንል ሐይቁ መልኩ ተለውጦ ነበር። ከሩቅ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል፣ የተበተነ ጥጥ የመሰለ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ጀልባችንን ዞረው አዩና ሆዷን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ።

«በዚህች አትውጡ» አሉ። «አሁን ጊዜው የነፋሱ ነው። እስኪተኛ ቆዩ። ካልሆነም እዚሁ እደሩና ጠዋት ሂዱ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ሠሪዋ አንተ ነህ። ቆዩ ካልክ እንቆያለን።»

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። እኔም ፈርቼ ነበር። «እንቆይ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሀል ታሪኩ ቀደመኝ።

«እንቆይ ጋሼ» አለ።

እሱ ባይናገር ኖሮ እቆይ ነበር።

«የፈራ መቅረት ይችላል» አልኩ። «እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ።»

ታሪኩ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጀልባዋን ሊገፋ ውሃው ውስጥ ገባ። ለምን እንዳልቀረ ያኔ አልጠየቅሁም።

አቀማመጣችንን የመደብኩት እኔ ነኝ። ሐጂን ከኋላ፣ እኔ አጠገብ፣ ትራስ ላይ አስቀመጥኳቸው። ብርቱካንን መሀል። ታሪኩን አፍንጫዋ ላይ፣ ባዶ ላሜራ በሆነችው የፊት መቀመጫ ላይ።

«ፊቷ እንዳይነሳ ክብደት ያስፈልጋል» አልኩት። «ድንጋይ ስለምትወድ ዛሬ ድንጋዩ አንተ ነህ።»

ይህን ስል የፊት መቀመጫ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጀልባ ስትዘል ኋላዋ ውሃው ላይ ይቀራል፤ የሚነሳውና የሚወድቀው ፊቷ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ንዝረት ይሰማዋል፣ ከፊት የተቀመጠ ይወድቃል። የፈለግሁት ትንሽ እንዲንገላታ ነበር። መቀመጫው ቆስሎ፣ ሚስቱ እያየችው፣ «ጋሼ ቀንስልኝ» ብሎ እንዲለምነኝ። ከዚያ የበለጠ አልፈለግሁም። ከዚያ ያነሰም አልፈለግሁም።

የተነሳነው ከደሴቱ ጀርባ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ደሴቱ ነፋሱን ከልሎልን ነበር። ከጥላው ስንወጣ ማዕበሉ ፊት ለፊት ተቀበለን። ብልህ ሰው እዚህ ጋ ይቀንሳል። እኔ ነዳጅ ጨመርኩ። በፍጥነት ከሄድን ከጫፍ ጫፍ እየዘለልን እናልፈዋለን ብዬ ነው።

ያልገባችሁ ካላችሁ አንድ ገንዳ ውሃ ፈልጉና መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በኃይል ምቱት። ከዚያ የእጃችሁን ጠርዝ አቁማችሁ በዚያው ኃይል ምቱት። ያቺ ልዩነት ናት ታሪኩ ሦስት እሁድ ወርዶ ያየው። የእኔ ጀልባ መዳፍ ነበረች።

ጧ! የመጀመሪያው ምት ጥርሴን አጋጨው። ጧ! ሐጂ ጠርዙን ያዙ። ጧ! ታሪኩ ከመቀመጫው ተነሳና በጉልበቱ ሸብረክ ብሎ፣ በሁለት እጁ ግራና ቀኙን ጨብጦ፣ ምቱን በእግሩ መቀበል ጀመረ። ትክክለኛው ነገር ያ ነበር፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ አይታጠፍም። አሁን አውቀዋለሁ። ያኔም ሳላውቀው አልቀረሁም።

«ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ ቀንስ! ይመታል!»

«ተቀመጥ አልኩህ! ሚዛን ታበላሽብኛለህ!»

ዞሮ አየኝ። ውሃ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ብርቱካን በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለችው። እኔ ሦስተኛ ጊዜ ጮህኩ፤ ስድብ ጨመርኩበት፣ እዚህ የማልጽፈው፣ እናቱን የነካ ስድብ።

ተቀመጠ።

ከዚያ ትልቁ መጣ። ጀልባዋ ጫፉ ላይ ወጣች፣ ሞተሩ አየር ላይ ጮኸ፣ ለአንድ አፍታ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ማዕበሉ ከሥሯ ሸሸና ወደ ጉድጓዱ ወደቅን። በብየዳ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ መዶሻ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሌላ፣ ትንሽ፣ ደረቅ ድምፅ ነበረ።

ታሪኩ አልጮኸም። ከመቀመጫው ወደ ጎን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ጭኑን ይደባብሳል።

«ጋሼ» አለ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «እግሬን አጣሁት።»

ብርቱካን በደረቷ ተስባ ደረሰችበት። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ጩኸት የጮኸው፣ ሌላ ምት ሲመታን። ሞተሩን ቀነስኩ። ስቀንስ ደግሞ ጠፍጣፋዋ ጀልባ አቅም አጣች፤ ማዕበሉ በአፍንጫዋ ላይ ተሻግሮ ይፈስብን ጀመር። ከፊት በኩል የብየዳው መስመር ጣት በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቆ ውሃ ይተፋል።

ሐጂ ክንዴን ያዙ። «ተመለስ! ደሴቷ ቅርብ ናት! ነፋሱም ከኋላ ይሆንልናል!»

እውነታቸውን ነበር። ወደ ደሴቱ መመለስ አጭር ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ስለምንሄድም ምቱ ይቀንስ ነበር።

«ደሴቱ ላይ ሐኪም የለም!» አልኳቸው።

ሐኪም አለመኖሩ እውነት ነው። እምቢ ያልኩት ግን ለዚያ አልነበረም። ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ዳርቻው ላይ ቆመው፣ በትራቸውን ተደግፈው ታዩኝ። እሳቸው ፊት ይህን ሰው ተሸክሜ መውረድ አልፈለግሁም። አንድ ሰው ወገቡ ተሰብሮ እግሬ ሥር ተኝቶ፣ እኔ የማስበው ስለ ፊቴ ነበር።

ወደፊት ሄድኩ።

ስንት ሰዓት እንደፈጀ ለመናገር ያስቸግረኛል። ፀሐይዋ ከአናታችን ትንሽ ዘንበል ስትል ጀምረን፣ ወደ ምዕራብ ተራሮች ስታዘቀዝቅ ደረስን። ከፈጠንኩ ምቱ ይገድለዋል፤ ከቀነስኩ ውሃው ያሰጥመናል። ብርቱካን በአንድ እጇ ጭንቅላቱን ይዛ በሌላው በዓሣ ሳፋ ውሃ ትቀዳለች። ሐጂ ትራሳቸውን አንስተው ከታሪኩ ጀርባ ሥር ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ሲነኩት ጩኸቱ አስደንግጧቸው ተዉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ዱዓቸው ገቡ።

እያንዳንዱ ምት ከላሜራው ቀጥታ ወደ ጀርባው ይገባል። እኔ ማዕበሉን አያለሁና ምቱ ከመምጣቱ በፊት አውቀዋለሁ። እሱ ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው። አንዱ እስኪመጣ አንዱን ይጠብቃል። «መጣ» እንድለው ለመነኝ፤ ትንፋሹን እንዲይዝ። ስለዚህ «መጣ» እላለሁ፣ ይመታዋል፣ ይጮኻል። «መጣ» እላለሁ፣ ይመታዋል፣ ይጮኻል። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ልጆቼ እንኳ እንግዳ በር ላይ ሲያዩ «መጣ» ሲሉ እበረግጋለሁ።

አንድ ጊዜ ጩኸቱ ቆመ። የሞተ መሰለኝ። ሲያነጋግረኝ ነው በሕይወት መኖሩን ያወቅሁት።

«ጋሼ… ፊት ለፊት አትግጠማት። በትከሻዋ ስጣት።»

«ምን?»

«በሰያፍ። አንድ ጎኗ ቀድሞ ይግባ። ዓሣ አስጋሪዎቹ… እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

መሪውን አዘነበልኩ። ማዕበሉን በግምባሯ ሳይሆን በጎን በኩል፣ በጠርዟ ተቀበልነው። ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ አንዱ ጠርዟ ቀድሞ ውሃውን ቆረጠና ቀሪው ሆዷ ተከትሎት ገባ። ምቱ ወደ ግማሽ ወረደ። በመጥረቢያ ስለት ፈንታ ያለንን ጠርዝ ሰጠን ማለት ነው። እንደዚያ እየተጠማዘዝን፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ዳርቻው ደረስን። ነፍሳችንን ያተረፋት ወለሉ ላይ የተኛው ሰው ነው። ደሴቱ ላይ ሳለን ብጠይቀው ኖሮ እዚያም ይነግረኝ ነበር።

በመሳፈሪያው ጣውላ ላይ አስተኝተን፣ በአይሱዙው፣ በዚያ ኮረኮንች ላይ ወደ ዲላ አወጣነው። ስለዚያ መንገድ አልናገርም።

ሆስፒታል ራጅ ከተነሳ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ እኔን፣ ሐጂንና ብርቱካንን ታሪኩ አልጋ አጠገብ አቆመን።

«የወገቡ አጥንት ከላይ ወደ ታች ተጨፍልቋል። ከፎቅ የወደቀ ሰው ነው የሚመስለው። ምን ሆኖ ነው?»

ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩ። «ተነስቶ ቆመ። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እያልኩት እምቢ አለ። ሲወድቅ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው።»

ይህን ስል ታሪኩ ዓይኑ ክፍት ነበር። አየኝ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ብርቱካን ግን ተናገረች። «ውሸት ነው! ተቀመጥ ያልሽው አንቺ ነሽ! እሱ ቆመ፣ አንቺ ተሳደብሽ!» አለችኝ። ስትቆጣ እንደ ባሏ ቋንቋው ተደበላለቀባት። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ማን ማንን እንደሰደበ ጠየቃት። ደግማ ስትሞክር ቃሉ ወደ ጌዴኦኛ ሄደባት። ሐኪሙ ወደ ሐጂ ዞረ።

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ ላይ ነበርኩ» አሉ። ዱዓው ከአደጋው በኋላ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

በኋላ ነገሩ በሽማግሌ ታየ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው እኔን ሰሙ፣ ሐጂን ሰሙ፣ ብርቱካንን ሰሙ። የእኔ አማርኛ የተስተካከለ ነው። አላለቀስኩም፣ አልተደናቀፍኩም። «አደጋ ነው፤ ከላይ የመጣ ነው» ተባለ። ቤተሰቡን አይዟችሁ እንድልና እንድደግፍ ተመከርኩ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ታሪኩ ሐዋሳ ተልኮ ብዙ ወራት ተኛ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ተመለሰ። ወናጎ ወዳለው የአባቱ ቤት ገባ፤ ቤቱ ዳገት ላይ ነው፣ ወንበሩ ከደጃፉ አያልፍም።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ገና ነው።

ሐጂ የጀልባውን ሐሳብ አልተዉም፤ ሁለተኛ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። እኔም ሠራሁ። የብየዳ ቤቴ ግድግዳ ላይ ታሪኩ በእርሳስ የሳለው ንድፍ አልጠፋም ነበር። ከፊት እስከ መሀል እንደ መጥረቢያ ስለት፣ ከመሀል ወደ ኋላ እየሰፋና እየተኛ የሚሄድ። መስመር በመስመር ገለበጥኩት። ስንፈትናት ሆን ብለን ከሰዓት በኋላ ወጣን። ማዕበሉ መጣ፣ ጀልባዋ ገባችበት፣ ቀይ ውሃ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ተበተነ፤ እኛ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር። ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ራሳቸው «ይህቺን ማን ሠራት?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንደዚያ ያለ አዘዙኝ። «የዘሪሁን ጀልባ» ተባለች። ሰው ሰርግ ቤት ከወንበሩ ተነስቶ ያስቀምጠኝ ጀመር።

እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ይሆናል። ደህና እተኛ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በሠራው ሥራ ይቃጠላል ሲሉ የምትሰሙ ከሆነ አትመኑ፤ እኔ በልቼ እጠግብ ነበር። አንድ ቀን ግን ሬኮ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ፣ ስለ ጀልባዋ ሰምቶ ሊያናግረኝ መጣ። «ከመሀል በኋላ እንዲተኛ ያደረግኸው ለምንድን ነው? እንዴት አሰብከው?» አለኝ። በዓይኑ ውስጥ አክብሮት ነበር። መነጽሬን መልሼ አድርጌ ወደ ብየዳዬ ዞርኩ።  ንድፉን ገለበጥኩ እንጂ ለምን እንደሆነ ታሪኩን ጠይቄው አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቼ አንድም ነገር «ለምን?» ብዬ፣ መልሱን ፈልጌ፣ ጠይቄው አላውቅም።

በማግስቱ ወናጎ ሄድኩ።

ብርቱካን ደጃፉ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ድሮ «ጋሼ» ትለኝ ነበር።

«ዘሪሁን፣ ምን ፈለግህ?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ደሴቱ ላይ ለምን እንዳልቆየሁ፣ ፊት ለምን እንዳስቀመጥኩት፣ ለምን እንዳልተመለስኩ፣ ሐኪሙ ፊት ለምን እንደዋሸሁ። ታሪኩ ከውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ስጨርስ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ አጎነበስኩ። ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይህን ለምን ለእኛ ትነግረናለህ?» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «እኛ እዚያ ነበርን። ለእኛ አዲስ ነገር የለውም። ሂድና ለሚያምኑህ ንገራቸው።»

ሄጄ ነገርኩ። እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ ሐጂን አስቀምጬ፣ ታሪኩን በመኪና አስመጥቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዲላ ውስጥ ሰላም የማይለኝ ሰው በዝቷል። የብየዳ ቤቱን ዘግቻለሁ፤ ዛሬ ሰው ቤት ተቀጥሬ እበይዳለሁ። በዚህ አታዝኑልኝ፣ የሚገባኝ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ በእናንተ ሥር የሚሠራ፣ እጁ ከእጃችሁ የሚበልጥ ሰው ካለ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲናገር አንደበቱን ሳይሆን ነገሩን ስሙ። ይቅርታ ኋላ ይደርሳል ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ አልደረሰኝም።

በዚያ ጉባኤ መጨረሻ ላይ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ታሪኩ ዞረው «ልጄ፣ ይኸው እውነቱን ተናግሯል። አንተ ምን ትላለህ? ምን ይደረግልህ?» አሉት።

 ታሪኩ እኔን አላየም፤ እጆቹን ያይ ነበር።

«እሱን ተዉት» አለ። «እሱ ያደረገውን አውቃለሁ፤ ድሮም አውቀው ነበር። እኔ ሌት ተቀን የምጠይቀው ሌላ ነው። ሆዷ እንደሚመታ አውቄ ነበር። ቆሜ ነበር፣ ጉልበቴ ምቱን ይችልልኝ ነበር። ሚስቴ አትቀመጥ ብላኝ ነበር። እናቴን ሰድቦ ተቀመጥ ሲለኝ፣ እኔ ለምን ተቀመጥኩ?»

 ብርቱካን ተነሳች፣ ወንበሩን ከኋላ ያዘችና ገፍታው ወጣች።